በጎመን ከማሳበባችን በፊት ጨዋችንን እንይ

በተመላላሽ ሕክምና ክፍል ለምንሠራ ሐኪሞች ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች መካከል እየበዛ የመጣ አንድ አለ። «ዶክተር፣ የታይሮይድ ችግር አለብሽ ተብያለሁ፤ ጎመን መብላት ላቁም?» የሚል ነው። አንዳንዶቹ ለመጠየቅም አይቆዩም፤ ቀድመው አቁመው ነው የሚመጡት። ምክንያታቸውን ስንጠይቃቸው በስልክ ቪዲዮ አይተው፣ ከጎረቤት ሰምተው ወይም ውጭ አገር ያለ ዘመድ ነግሯቸው እንደሆነ ይናገራሉ። ጾም ሲገባ ደግሞ ጥያቄው ይበረታል፤ የጾም ማዕድ ያለ ጎመን ምን ይቀረዋል?

መልሱን አስቀድሜ ልናገር። በበቂ መጠን አዮዲን ለሚያገኝ ሰው፣ በስሎ የሚበላ ጎመን የታይሮይድ ጠላት አይደለም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ጎመን ካቆሙት ሰዎች ብዙዎቹ ወጥ የሚሠሩበት ጨው አዮዲን ይኑረው አይኑረው አያውቁም። ዋናውን ምክንያት ጓዳ ውስጥ አስቀምጠን፣ ርካሽና ጠቃሚ የሆነውን አትክልት ከገበታ እናነሳለን።

ታይሮይድ ከአንገታችን ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ የሚገኝ የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው ዕጢ ነው። የሚያመነጨው ሆርሞን የሰውነታችንን የሥራ ፍጥነት ይወስናል፤ የልብ ምትን፣ የሰውነት ሙቀትን፣ የአንጀት እንቅስቃሴን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በማሕፀን ያለ ጽንስና የሕፃን አእምሮ እድገትን። ይህን ሆርሞን ለመሥራት አዮዲን የግድ ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት 250፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ 120፣ ከዚያ በታች ላሉ ሕፃናት 90 ማይክሮግራም ይመክራል። ማይክሮግራም የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በዕድሜ ልካችን የምንፈልገው አዮዲን ተሰብስቦ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም ማለት ይቻላል። ሆኖም በየጊዜው ማግኘት አለብን፤ ሰውነት ለዓመታት የሚበቃ ስንቅ አያስቀምጥም።

አዮዲን ሲያጥር ዕጢው ያለችውን ጥቂት አሟጦ ለመጠቀም ሲል እየገዘፈ ይሄዳል። እንቅርት የምንለው ይህንን ነው። አያቶቻችን ሕመሙን በሚገባ ያውቁት ነበር። በአንዳንድ አካባቢዎች አንገት ላይ የሚደረገው ንቅሳት ለጌጥ ብቻ ሳይሆን እንቅርትን ይከላከላል ተብሎም ነው። መከራ ሲደራረብ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ማለታችንም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሕመሙ ምሳሌያዊ አነጋገር እስኪሆን ድረስ በየቤቱ ይታይ ነበር። እንቅርቱ ግን ለዓይን የሚታየው ክፍል ብቻ ነው። በእርግዝና ወቅት የሚከሰት ከባድ የአዮዲን እጥረት ለውርጃ፣ ሞቶ ለሚወለድ ልጅና ለማይመለስ የአእምሮ እድገት ውስንነት ይዳርጋል። መጠነኛው እጥረት እንኳ የልጆችን የመማር አቅም ይቀንሳል። ይህ በአንገት ላይ አይታይም፤ «ልጁ ሰነፍ ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል።

ይህ ችግር በአገራችን ለምን በረታ? አዮዲን በብዛት ያለው በባሕር ውስጥ ነው። በደጋማና ተራራማ አገሮች ዝናብና ጎርፍ የላይኛውን አፈር ለዘመናት ሲያጥበው አዮዲኑንም አብሮ ይወስደዋል። አፈሩ ከሌለው እህሉ አይኖረውም፤ ሣሩ ከሌለው የላሟ ወተትም ይቀንሳል። የባሕር ዓሣ በአብዛኛው ቤት አይበላም። በዚህ ላይ የጨው ታሪካችን ተጨመረ። ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት በ1990 ዓ.ም. እስኪጀመር ድረስ አዮዲን የተጨመረበት ጨው ከአሰብና ከምጽዋ ይመጣ ነበር። መንገዱ ሲዘጋ ገበያው ወደ አፋሩ አፍዴራ ዞረ፤ ጨው አልጠፋም፣ አዮዲኑ ግን ቀረ። እ.አ.አ. በ2005 የተካሄደ አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት 39.9 በመቶው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች ደግሞ 35.8 በመቶው እንቅርት እንዳለባቸው አሳይቷል። በእነዚያ ዓመታት ሕዝቡ የበላው ጎመን ከቀድሞው በልጦ አልነበረም።

ታዲያ ጎመን ለምን ተከሰሰ? ክሱ ከባዶ የመጣ አይደለም። እ.አ.አ. በ1928 አሜሪካ በሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ አላን ቼስኒና ባልደረቦቹ ለሌላ ምርምር፣ ለቂጥኝ ጥናት፣ ያረቧቸው ጥንቸሎች ትልልቅ እንቅርት አወጡ። ምክንያቱ ሲፈለግ ጥንቸሎቹ በዋናነት የሚመገቡት ጥቅል ጎመን ሆኖ ተገኘ። በኋላም ለጥንቸሎቹ አዮዲን ሲሰጣቸው እንቅርቱን መከላከል ተቻለ። የዚህ ታሪክ የመጀመሪያው ግማሽ በየቦታው ሲነገር ሁለተኛው ግማሽ መንገድ ላይ ጠፍቷል።

የአሠራሩ ነገር እንዲህ ነው። የጎመን ዘመዶች ሁሉ፣ ማለትም የሐበሻ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመን፣ ብሮኮሊ፣ ጎመን ዘርና ሰናፍጭ፣ ግሉኮሲኖሌት የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሏቸው። ቅጠሉ ሲቆረጥ ወይም ሲታኘክ በውስጡ ያለ ኢንዛይም እነዚህን ይሰባብራቸዋል። ሰናፍጭ አፍንጫ ድረስ የሚወጣው፣ ጥሬ ጥቅል ጎመን ምላስን ቆንጠጥ የሚያደርገው በዚሁ ምክንያት ነው። ከስብርባሪዎቹ አንዱ ታዮሳያኔት ይባላል፤ አዮዲን ወደ ታይሮይድ የሚገባበትን በር ይሻማል። በሩ ላይ የሚሻማው ከበዛና አዮዲኑ ጥቂት ከሆነ ዕጢው ይራባል። አዮዲኑ በቂ ከሆነ ግን ሽሚያውን ያሸንፋል። ሌላው ጎይትሪን የሚባለው፣ በአንዳንድ የጎመን ዓይነቶች ብቻ በብዛት የሚገኝ ሲሆን በዕጢው ውስጥ የሆርሞኑን አሠራር ራሱን ያውካል። በአገራችን የሐበሻ ጎመን ውስጥ የሚበዛው ግን ሰናፍጭን የሚያቃጥል የሚያደርገው ዓይነት ነው። መንገዴን ሳልስት አንድ ነገር ላርም፤ ቆስጣና ሰላጣ የጎመን ዘመዶች አይደሉም። ቆስጣ የቀይ ሥር ዘመድ ነው። «ጎመን ከልክለውኛል» ብላ ቆስጣውንም የተወች ሴት ያለ ጥፋቱ የቀጣችው እሱን ነው።

ጥያቄው እንግዲህ ስንት ሲበላና እንዴት ሲበላ የሚለው ነው። እ.አ.አ. በ1986 እንግሊዝ ውስጥ በተደረገ አነስተኛ ጥናት ፈቃደኛ ሰዎች በዚህ ንጥረ ነገር የበለጸገ የጎመን ዓይነት፣ ብራሰልስ ስፕራውት የሚባለውን፣ ተቀቅሎ በየቀኑ 150 ግራም ለአራት ሳምንት በሉ። የታይሮይድ ሆርሞናቸው አልተለወጠም። በተቃራኒው እ.አ.አ. በ2010 በአንድ የታወቀ የሕክምና መጽሔት የወጣ የአንዲት የ88 ዓመት አዛውንት ታሪክ አለ። ስኳሬን ያወርድልኛል ብለው ቦክ ቾይ የሚባለውን የቻይና ጎመን በጥሬው በየቀኑ ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ለወራት ይበሉ ነበር፤ የታይሮይድ ሆርሞናቸው ክፉኛ ወርዶ ራሳቸውን እስከመሳት ደረሱ። የሁለቱን ልዩነት ልብ ይሏል፤ አንዱ የበሰለ አንድ ጭልፋ ያህል ነው፣ ሌላው በየቀኑ ከአንድ ኪሎ የማያንስ ጥሬ።

እኛ ጎመንን የምንሠራው እንዴት ነው? እንቀቅላለን፣ እንከትፋለን፣ ሽንኩርት አቁላልተን ከነጭ ሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ደግመን እናበስላለን። እሳቱ ያን ሰባባሪ ኢንዛይም ያከስመዋል፤ ከንጥረ ነገሩም የተወሰነው በመቀቀያው ውኃ ይወጣል። ለታይሮይድ ሲባል ይህ ከበቂ በላይ ነው። እንዲያውም የምናበዛው ይመስለኛል፤ ፎሌት የሚባለው ቫይታሚን በረጅም ማብሰል ይጠፋልና። በጥቂት ውኃ፣ ለአጭር ጊዜ ቀቅሎ ማውረድ ይሻላል። በምግብ ቤት ከሥጋ አጠገብ የሚቀርብ አንድ ጭብጥ ጥሬ ጥቅል ጎመን ወይም በጾም በእንጀራ ጫፍ የሚጠቀስ ሰናፍጭ፣ ጤነኛ ሰው ሊፈራው የሚገባ መጠን አይደለም።

የማልመክረው አንድ ነገር አለ። ለክብደት መቀነሻ ተብሎ ጥሬ ጎመን በመፍጫ ተፈጭቶ በየጠዋቱ በትልቅ ብርጭቆ መጠጣት እየተለመደ ነው። ጭማቂ ሲሆን ማንም በአንድ ጊዜ ማኘክ የማይችለውን ያህል ቅጠል መዋጥ ይቻላል። የታይሮይድ ሆርሞኑ ዝቅ ያለበት ወይም አዮዲን የሌለው ጨው የሚጠቀም ሰው ይህን ልማድ ቢተወው ይሻላል። ጎመን ጥሬውን ሲጠጣ ከሚሰጠው ጥቅም በስሎ ሲበላ የሚያጣው እምብዛም ነው።

ከጎመን ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ካሳቫ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ ብዙ ቤተሰብ የሚኖርበት ይህ ሥር፣ በሚገባ ካልተዘጋጀ ሳያናይድ የሚያወጣ ንጥረ ነገር አለው፤ ሰውነታችን ያን ሳያናይድ ወደ ታዮሳያኔት ይለውጠዋል። በኮንጎ አዮዲን ባነሰባቸው አካባቢዎች ከእንቅርት ጋር ያለው ግንኙነት በሰፊው ተጠንቷል። መላጥ፣ በውኃ መዘፍዘፍ፣ ማብላላት፣ በፀሐይ በደንብ ማድረቅ ያስፈልገዋል። ጥቂት ጎመን የሚፈራ ሰው ሲጋራ ሲያጨስ ሳይ ይገርመኛል፤ የሲጋራ ጢስም በደም ውስጥ ታዮሳያኔትን ይጨምራል።

ወደ ጾሙ ልመለስ። ጿሚው ሳህኑ ላይ የጨመረውን ጎመን ያያል፤ የቀነሰውን አያይም። ወተትና እንቁላል የአዮዲን ምንጮች ናቸው፣ በጾም ሁለቱም ይቀራሉ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንችና እንጀራ በዚህ አፈር ላይ የበቀሉ ስለሆኑ ብዙ አዮዲን አይጠበቅባቸውም። በዓመት ከ180 ቀን በላይ የሚጾም ሰው አዮዲኑን የሚያገኘው እንግዲህ ከጨው ነው። ጾሙን ማንም ማቆም አያስፈልገውም፤ ጎመኑንም እንዲሁ። የጾም ወጥ የሚጣፈጥበት ጨው ግን ትክክለኛው ይሁን።

ጎመን መተው ዋጋ የለውም ብለን ደግሞ አናስብ። በብዙ ቤት የሥጋ ስም በዓመት በዓል ብቻ ይነሳል። ፎሌት፣ ቫይታሚን ኤ የሚሆነው ንጥረ ነገር፣ ካልሲየም፣ መጠነኛ ብረት፣ ይህ ሁሉ በአንድ እስር ጎመን ውስጥ በርካሽ ይገኛል። ፎሌት በተለይ እርግዝና በሚጀምርባቸው ሳምንታት የጽንሱ ጀርባ አጥንትና አንጎል በትክክል እንዲገጥም ያስፈልጋል። በቪዲዮ ምክር ፈርታ ጎመን የተወች፣ አዮዲን በሌለው ጨው የምታበስል ነፍሰ ጡር ሁለት ጊዜ ተጎዳች ማለት ነው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ እሷ ናት።

አሁን ጨውን እንይ። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲጠቀም ይመክራል፤ ይህ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። በአንድ ኪሎ ጨው ውስጥ 30 ሚሊግራም አዮዲን ካለ 5 ግራሙ 150 ማይክሮግራም ይሰጣል፤ የአዋቂ ፍላጎት ሞላ ማለት ነው። ቤት ሲደርስ ወደ 15 ሚሊግራም ወርዶ ከሆነ ግን ግማሹን ብቻ ይሰጣል። ጨው ስናበዛ እናካክሰዋለን እንዳንል ደም ግፊት አለ። መፍትሔው ጥቂትና ትክክለኛ ጨው መጠቀም ነው።

አዮዲን በእርጥበት፣ በሙቀትና በፀሐይ ይቀንሳል። ያልተፈጨ ጨው ገዝቶ፣ አቧራውን ለማስለቀቅ አጥቦ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቶ መፍጨት የብዙ እናቶች የንጽሕና ልማድ ነው፤ አዮዲን ቢኖረው እንኳ በእጥበቱ ይሄዳል። ታሽጎ የሚሸጠውን፣ አዮዲን መኖሩ የተጻፈበትን ገዝቶ፣ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ፣ ከምድጃ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ይበቃል። በርበሬና ሚጥሚጣ ሲዘጋጁ የሚገባው ጨው ደግሞ ይረሳል። ለዓመት የሚሆን በርበሬ በተራ ጨው ተደልዞ ከተፈጨ፣ ከየቀኑ ጨዋችን ጥቂት የማይባለው አዮዲን የለውም። ባለ ገንዘቡም አይኩራራ፤ በሱፐርማርኬት በውድ የሚሸጠው ሮዝ ጨው በአብዛኛው አዮዲን አይጨመርበትም። አሞሌም እንዲሁ።

ለቤተሰብ ይህን ያህል ካልን ለመንግሥትም የምንለው አለ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 204/2003 ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ያስገድዳል። ውጤቱም ታይቷል። እ.አ.አ. በ2011 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘባቸው ቤቶች 15 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016ቱ ጥናት 89 በመቶ ደረሱ። በአምስት ዓመት እንዲህ ያለ ለውጥ ያመጣ የጤና ሥራ ብዙ አላውቅም፣ ሊመሰገን ይገባል። ነገር ግን በቤት የሚደረገው ፈጣን ምርመራ፣ ጨው ላይ ጠብታ አድርጎ ወደ ሰማያዊ መለወጡን ማየት፣ አዮዲን መኖሩን እንጂ መብቃቱን በእርግጠኝነት አይነግረንም። በአንድ ከረጢት ውስጥ እንኳ አንዱ ጥግ በዝቶ ሌላው ጥግ ባዶ ሊሆን ይችላል። ከመጠን በላይ አዮዲንም ጉዳት አለው፤ ለዓመታት እጥረት ውስጥ የኖረ እንቅርት ድንገት ብዙ ሲያገኝ ሆርሞን ከልክ በላይ ሊያመነጭ ይችላል። ስለዚህ ቁጥጥሩ በጉሊት ሻጭዋ ላይ ሳይሆን በማምረቻውና በመደባለቂያው ላይ ቢጠነክር፣ የላቦራቶሪ ልኬትም በየጊዜው ለሕዝብ ይፋ ቢሆን ይሻላል። ጨውን በላስቲክ ዘርግታ በመለኪያ የምትሸጥ እናት በውስጡ ያለውን አታውቅም፤ ልታውቅም አይጠበቅባትም።

በሕክምና ላይ ላላችሁ አንባቢያን ጥቂት ልጨምር። ታይሮይዳችሁ በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ሆርሞኑን በኪኒን የምትወስዱ ከሆነ ጎመን የሚያውከው ዕጢ የለም፤ በሰላም ብሉ። ሆርሞኑ ዝቅ ብሎባችሁ ሊቮታይሮክሲን የምትወስዱም የበሰለ ጎመን መብላት ትችላላችሁ። ሆርሞኑ የበዛባችሁ ደግሞ «ጎመን ያወርደዋል» ብላችሁ መድኃኒታችሁን እንዳትተኩበት። ጎመን ከመተው ይልቅ ኪኒኑ የሚዋጥበትን ሰዓት ማስተካከል ብዙ ይጠቅማል። ሊቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ይወሰዳል። ቡና ኪኒኑ በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል፤ በጠዋት ቡና የሚያወራርዱት ታካሚዎች የደም ምርመራቸው ለምን እንደማይስተካከል ግራ ይገባቸዋል። የብረትና የካልሲየም ኪኒን የሚወስድ ሰው ቢያንስ በአራት ሰዓት ያራርቀው። ነፍሰ ጡሮች ብረት ስለሚሰጣቸው ይህ በተለይ ይመለከታቸዋል፤ የመድኃኒቱ መጠንም በእርግዝና ጊዜ ብዙውን ጊዜ መጨመር ስላለበት፣ ማርገዛቸውን እንዳወቁ የቀጠሮ ቀን ሳይጠብቁ ለሐኪማቸው ይንገሩ።

አንገቱ ላይ እብጠት ያየ ሰው ምግብ ከመለወጡ በፊት ጤና ጣቢያ ይሂድ። እብጠቱ በአጭር ጊዜ የሚያድግ፣ ድምፅ የሚያጎረንን፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ የሚያስቸግር ከሆነ ጊዜ አይሰጠው። ያለ ምክንያት መክሳት፣ የልብ ምት መፍጠንና የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ወይም በተቃራኒው ብርድ አለመቻል፣ ድካም፣ የሆድ ድርቀትና የወር አበባ መዛባት ካለ ቲ.ኤስ.ኤች. የሚባለው የደም ምርመራ ብዙውን ጥያቄ ይመልሳል። እንቅርት ሁሉ የአዮዲን እጥረት አይደለም፤ ዕጢው በራሱ የሰውነት መከላከያ ሲጠቃ ወይም እባጭ ሲያወጣም ያብጣል። ይህን በአንገት በማየትም ሆነ በቪዲዮ መለየት አይቻልም።